የለንደንና የፓሪስ “አንድ ሰዓት” ስንት ሰዓት ነው?

ከአውሮፓ ጋር የሚነግድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ለንደን ከደረስኩ አይቀር ፓሪስ ብቅ ብዬ ብመለስስ? ወይም በተቃራኒው፣ ፓሪስ ላይ ዕቃ ከተመለከትኩ በኋላ ለንደን ያለውን ደንበኛዬን አግኝቼ ብመጣስ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። “ምን አላት፣ አንዲት ሰዓት በረራ ናት!” ይባላል። ትኬት ቆራጩ ይህንኑ ይላል፤ እዚያ የሚኖረው ዘመድም ይህንኑ ይላል፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ ደላላም ይህንኑ ይደግማል። ነጋዴው ይህችን አንድ ሰዓት ተማምኖ ቀጠሮውን ይደረድራል። ጠዋት ለንደን፣ ከቀትር በኋላ ፓሪስ፣ ማታ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚነሣው አውሮፕላን ላይ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚያች አንድ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓቷ ፈጽማ ውሸት ናት ማለቴ አይደለም፤ በረራው በእርግጥም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ነጋዴ የሚገዛው ከአንድ ቢሮ በር ተነሥቶ ሌላ ቢሮ በር መድረስን ነው። በዚህ ሚዛን ሲለካ በለንደንና በፓሪስ መካከል በአውሮፕላን ያለው ጉዞ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ይህን ያላሰላ ሰው ልዩነቱን የሚከፍለው በገንዘብ ነው። የተሰረዘ ቀጠሮ፣ ያመለጠ አውሮፕላን፣ እንደገና የተቆረጠ ትኬት፣ ያልታሰበ የሆቴል አዳር ሁሉም ሒሳቡ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው።

እስቲ ከርቀቱ እንጀምር። ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ መስመር የሚለያያቸው 344 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእኛ ሰው ይህን ማመዛዘን አይከብደውም፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአየር ያለው ርቀትም ከዚህ እምብዛም አይለይም። በባቡር ሐዲዱ መንገድ ከሄድን ግን በባሕሩ ሥር የተቆፈረውን ዋሻ ጨምሮ 492 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመንገደኛ ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ታዲያ 344ን ለ800 ብናካፍል 26 ደቂቃ ነው የሚወጣው። በረራው በሠሌዳ ላይ ሲወጣ ግን 1 ሰዓት ከ15 ወይም 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተብሎ ነው። የቀረው ሃምሳ ደቂቃ የት ገባ?

መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። አየር መንገዶች የጉዞ ጊዜ ብለው የሚያስታውቁት አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበትን ብቻ አይደለም። ከቆመበት በር ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው በር ቆሞ ጎማው እስከሚታገድባት ደቂቃ ድረስ ያለውን ሁሉ ነው። ስለዚህ በመንደርደሪያው ጫፍ ተራ መጠበቁም፣ ካረፈ በኋላ ወደ ተርሚናሉ ማዝገሙም እዚህ ውስጥ ይገባል። የለንደኑ ሂትሮው በዓለም ላይ እጅግ ከተጨናነቁት አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ያሉት የመንደርደሪያ መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው። የሚያርፉ አውሮፕላኖች ተራ እስኪደርሳቸው በከተማው ዙሪያ በተወሰኑ አራት ቦታዎች ላይ እየዞሩ እንዲጠብቁ ይደረጋል። የፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አራት መስመሮች አሉት፤ እርሱ ደግሞ ግቢው ሰፊ በመሆኑ ካረፉ በኋላ ያለው ጉዞ ራሱን የቻለ መንገድ ነው። እንዲህ ባለ አጭር መስመር ላይ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም አለ። አየር መንገዶች በጊዜ ሠሌዳቸው ላይ ትርፍ ደቂቃዎችን ይጨምራሉ። ይህ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም፤ በዘርፉ የታወቀ አሠራር ነው። ከተያዘለት ሰዓት 15 ደቂቃ እስካልሞላ ድረስ ዘግይቶ የደረሰ በረራ “በሰዓቱ ደርሷል” ተብሎ ይቆጠራል። ከዚህ ላይ ትርፍ ደቂቃው ሲታከል፣ ሲነሣ የዘገየው አውሮፕላን ሲደርስ “ቀድሞ የደረሰ” ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። እኔ ይህን እንደ ማጭበርበር አላየውም። መድን ነው፤ ነገር ግን የመድኑን ዋጋ በጊዜው የሚከፍለው ተሳፋሪው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል በየዕለቱ የሚመላለስ መደበኛ የአየር አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1919 ነበር። አውሮፕላኑ የተነሣው የዛሬው ሂትሮው አቅራቢያ ካለው ከሃውንስሎው ሜዳ ሲሆን ያረፈው ለ ቡርዤ ነው። ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ተሳፋሪው አንድ ጋዜጠኛ ብቻ ነበር። የተጫነው ዕቃ ቆዳ፣ የታደኑ ወፎችና የዴቮንሺር ክሬም ነበር፤ ማለትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስመሩ የነጋዴ መስመር ነው። የአንድ ሰው ዋጋ 21 ፓውንድ ሲሆን በዚያን ጊዜ ይህ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነበር። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ፕሮፔለሩ በጄት ተተክቶ፣ ከበር እስከ በር የሚቆጠረው የበረራ ጊዜ የቀነሰው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያንንም ቢሆን ፍተሻውና ሰልፉ መልሶ ወስዶታል።

የሰዓት ሠሌዳው ወጥመድ

አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ከሠሌዳው አነባበብ የሚመጣ። ፓሪስ ዓመቱን በሙሉ ከለንደን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በመሆኑም ከለንደን በአገሩ አቆጣጠር 08:00 የሚነሣው አውሮፕላን ፓሪስ የሚገባው 10:20 ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው ሁለት ሰዓት ከ20 የፈጀ ይመስለዋል። በመልሱ ደግሞ ከፓሪስ 10:00 ተነሥቶ ለንደን 10:20 ይገባል። ይህን ያየ ሰው “በሃያ ደቂቃ!” ብሎ ይደነቃል። ሁለቱም ያው አንድ ሰዓት ከ20 ናቸው። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሁለት ከተማ ቀጠሮ በአንድ ቀን የሚይዝ ሰው ወደ ፓሪስ ሲሄድ አንድ ሰዓት ከቀኑ እንደሚጎድልበት፣ ወደ ለንደን ሲመለስ አንድ ሰዓት እንደሚመረቅለት ማወቅ አለበት። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለቱንም ለመሥራት የግድ ከሆነ ጠዋት ፓሪስ፣ ከቀትር በኋላ ለንደን ማድረጉ ይመረጣል። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ሲያደርግ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ስልክ ለሚደውል ደግሞ ነገሩ አንድ ደረጃ ይጨምራል። እነርሱ በመጋቢትና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም። በክረምታቸው ከለንደን በሦስት፣ ከፓሪስ በሁለት ሰዓት እንቀድማለን። በበጋቸው ልዩነቱ ወደ ሁለትና ወደ አንድ ይወርዳል። በዚህ ላይ የእኛው “ጠዋት ሁለት ሰዓት” ሲጨመር ስንት ቀጠሮ እንደሚበላሽ መገመት ነው።

ከበር እስከ በር

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ። አንድ ነጋዴ በለንደን የባንኮች ሠፈር ስብሰባውን ጨርሶ ፓሪስ ኦፔራ አካባቢ ወዳለ ቢሮ ይሄዳል እንበል። ሂትሮው ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፈጣን ባቡር አለ፤ ከፓዲንግተን ጣቢያ ተነሥቶ በ15 ደቂቃ ያደርሳል። ነገር ግን ፓዲንግተን መድረሱ ራሱ ጊዜ አለው። በምድር ባቡሩም ሆነ በታክሲ ቢሄድ አንድ ሰዓት መያዝ ግድ ነው። ለምዝገባ፣ ለፍተሻና ለፓስፖርት ከበረራው በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል። በረራው አንድ ሰዓት ከሃያ። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ በድንበር ፖሊስ ፊት ቆሞ፣ ሻንጣ ተቀብሎ ለመውጣት አርባ ደቂቃ፤ ይህም ሰልፍ ካልበዛ ነው። ሻርል ደ ጎል ከፓሪስ መሐል በሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በከተማው ባቡር ገብቶ እስከ ቢሮው በር ሌላ አንድ ሰዓት። ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ውስጥ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚሆነው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በባቡርስ? ዩሮስታር የሚባለው ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1994 መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ከለንደን ፓሪስ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በእንግሊዝ በኩል ያለው ፈጣን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጠናቀቅ የፈጣኑ ጉዞ ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ዝቅ አለ። የሚነሣው ከሴንት ፓንክራስ፣ የሚደርሰው ጋር ዱ ኖር ነው፤ ሁለቱም መሐል ከተማ ናቸው። ከባንኮቹ ሠፈር ሴንት ፓንክራስ ሃያ ደቂቃ፣ ለፍተሻ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ከጣቢያው እስከ ኦፔራ ሃያ አምስት ደቂቃ። አራት ሰዓት ከሃያ ይመጣል።

የአንድ ሰዓት ከአሥር ልዩነት ብቻውን ትልቅ ነገር ላይመስል ይችላል። እኔ ከልዩነቱ ይበልጥ የምመዝነው ሌላ ነገር ነው። በአውሮፕላኑ ጉዞ ላይ ያለው አምስት ሰዓት ተኩል የተበጣጠሰ ነው፤ አምስት ጊዜ መቆም፣ አምስት ጊዜ መቀመጥ፣ ቀበቶና ጫማ ማውለቅ። በባቡሩ ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሒሳብ መሥራት፣ ውል ማንበብ፣ ሰው ማነጋገር ይቻላል። የፈረንሳይ ድንበር ፖሊስ ፓስፖርቱን የሚያየው እዚያው ለንደን ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ ፓሪስ ሲደርሱ ሰልፍ የለም፤ በሩን ከፍቶ ወደ ከተማው መውጣት ነው። ናሙና ይዞ ለሚዞር ነጋዴ ደግሞ ሻንጣው ወሳኝ ነው። ባቡሩ ከእጅ ቦርሳ ሌላ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ ኪሎም አይመዝንም። ርካሽ የሚባሉት አየር መንገዶች በኪሎና በሴንቲ ሜትር የሚያስከፍሉት አንዳንዴ ከትኬቱ ይበልጣል።

ይህን ስል ባቡሩን እያሞካሸሁ እንዳይመስል። ትኬቱ በመጨረሻው ሰዓት ሲቆረጥ ዋጋው አይቀመስም፤ ከሳምንታት በፊት ካልተገዛ አውሮፕላኑ ሊረክስ ይችላል። ብልሽትም አያጣውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2009 በብርድ ምክንያት አምስት ባቡሮች ዋሻው ውስጥ ቆመው ከሁለት ሺህ በላይ መንገደኞች ሌሊቱን እዚያው አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2025 ደግሞ ፓሪስ ሐዲዱ አጠገብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ቦምብ ተገኝቶ የዕለቱ ጉዞ ተሰረዘ። የሚገርመው በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ሂትሮውም በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ቃጠሎ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋሉ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም መንገዶች ተራ በተራ ተዘጉ። ጠዋት ተነሥቶ ማታ አዲስ አበባ የሚሳፈርበትን ቀን የሚያወጣ ሰው ይህንን አይርሳ።

ነገሩ የለንደንና የፓሪስ ብቻ እንዳልሆነ የሌሎች ከተሞች ታሪክ ይመሰክራል። አየር ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከፓሪስ ብራስልስ ይበር የነበረውን አቁሞ መንገደኞቹን በባቡር ማሳፈር ጀመረ። ማድሪድና ባርሴሎና ከ500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ተራርቀው በመካከላቸው የነበረው የአየር መስመር በዓለም ላይ ከተጨናነቁት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጣኑ ባቡር ሥራ ሲጀምር አብዛኛው መንገደኛ ወደ ሐዲዱ ወረደ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች በሚደረስባቸው የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በረራን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ይህ የለንደንን መስመር አይነካም፤ ደንቡ ለአገር ውስጥ ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ስለ ስም ማጭበርበርም አንድ ነገር ልበል። “ለንደን ሉተን” እና “ለንደን ስታንስቴድ” የሚባሉት አውሮፕላን ማረፊያዎች ከለንደን መሐል ሃምሳና ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። “ፓሪስ ቦቬ” ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሠላሳ ዩሮ አተረፍኩ ብሎ ቦቬ የወረደ ሰው የአውቶቡሱን ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራውን ሲደምር ምን እንደቀረው ራሱ ያውቃል። ትኬት የሚያስቆርጥ ሁሉ ከከተማው ስም ይልቅ የማረፊያውን ስም ይጠይቅ።

ለእኛ ፓስፖርት ሲሆን

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከኪሎ ሜትሩም ከሰዓቱም በፊት የሚመጣ ጉዳይ አለ፤ ቪዛ። ፈረንሳይ የሸንገን አገር ናት፣ እንግሊዝ አይደለችም፤ ሆናም አታውቅም። ፓሪስ፣ ብራስልስና ፍራንክፈርት በአንድ ቪዛ ይዞራሉ። ለንደን ግን የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። “አንድ ሰዓት ናት” የሚለው ወዳጃችን ይህን አይነግረንም። ከዚህም አልፎ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ብቻ ለመለወጥ እንኳ በሸንገን አገር ኤርፖርት ውስጥ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የመተላለፊያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከፓሪስ ለንደን ደርሶ ወደ ፓሪስ መመለስ አይቻልም። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የሸንገን አገሮች ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጡ መንገደኞችን መግቢያና መውጫ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል፤ ይህ በየጣቢያው ሰልፍ ላይ የሚጨምረው ደቂቃ መታሰብ አለበት።

በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ከተሞች ማየት ለሚፈልግ የሚያዋጣው በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበራል። በአንድ ትኬት ለንደን ገብቶ፣ ሥራ ጨርሶ፣ በባቡር ፓሪስ አልፎ፣ ከፓሪስ ወደ አገር መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የለንደን ደርሶ መልስ ይቆርጥና በመካከሉ ለፓሪስ ሌላ ደርሶ መልስ ለብቻው ይገዛል። ያን 344 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አምስት ሰዓት ተኩሉንም ሁለት ጊዜ ያጠፋል። በዚያ ላይ ሁለቱ ትኬቶች የማይተዋወቁ ስለሆኑ ከፓሪስ የሚመጣው ዘግይቶ የአዲስ አበባው ቢያመልጥ ማንም ኃላፊ አይሆንም።

ይህ የትኬት ጉዳይ በሕግም ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብና እ.ኤ.አ. በ2009 የኅብረቱ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ ካሣ አስገኝተዋል። የካሣው መጠን የተሰላው በርቀት ነው፤ በቀጥታ የአየር መስመር የሚለካ ርቀት። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከ3,500 በላይ ደግሞ 600 ዩሮ፤ የረጅሙ መዘግየት ከአራት ሰዓት ካላለፈ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ከኅብረቱ አገር ለሚነሣ በረራ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ይሁን ደንቡ ይሠራል፤ ከፓሪስ አዲስ አበባ የሚመጣም እዚህ ውስጥ ነው። እንግሊዝም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ተመሳሳዩን በፓውንድ አስቀጥላለች። ርቀቱ የሚቆጠረው በአንድ ላይ በተያዘ ትኬት እስከ መጨረሻው መድረሻ ሲሆን፣ ለየብቻ ለተገዛ ትኬት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። የከፋ የአየር ጠባይና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ፣ ፈረንሳይ የምትታወቅበት፣ ካሣ አያስከፍሉም። ደንቡን ለማሻሻል በኅብረቱ ውስጥ ክርክር ሲካሄድ ስለቆየ ከጉዞ በፊት የወቅቱን መጠየቅ አይከፋም። የእኛ ነጋዴዎች ይህን ገንዘብ ሳይጠይቁ መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው ነው። ዕቃስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በአውሮፓ ከተሞች መካከል “በአውሮፕላን” ተብሎ የሚላክ ጭነት ብዙውን ጊዜ አውሮፕላን አያይም። የበረራ ቁጥር የተሰጠው የጭነት መኪና ነው የሚያጓጉዘው። ሰነዱ የአየር ጭነት ሰነድ ነው፣ ቁጥሩ የበረራ ቁጥር ነው፣ የሚሄደው ግን በአስፋልት። ሕገወጥ አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው፣ ለአጭር ርቀትም ከአውሮፕላን ይፈጥናል። አውሮፕላን ላይ ለመጫንና ለማራገፍ የሚጠፋው ሰዓት መኪናው መንገዱን የሚጨርስበት ነው።

የአበባ ላኪዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላኖች ለዓመታት በአውሮፓ ዋና ማራገፊያ ያደረጉት የቤልጅጉን ሊዬዥ ነው፤ ሌት ተቀን ክፍት የሆነ፣ እንደ አምስተርዳሙ ስኪፖል የማረፊያ ሰዓት እጥረት የሌለበት። አበባው ግን የሚሸጠው ሆላንድ፣ አምስተርዳም አጠገብ አልስሜር በሚገኘው ጨረታ ላይ ነው። በመካከሉ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ በማቀዝቀዣ መኪና ሦስት ሰዓት ያህል፣ መንገድ ካልተዘጋ። የኅብረቱ ሕግ ደግሞ ሾፌሩ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። አልስሜር ባይደርስበትም ከሊዬዥ ወደ ራቀ ከተማ ለሚላክ ዕቃ ይህ ዕረፍት መቆጠር አለበት። ወደ እንግሊዝ የሚቀጥል ከሆነ፣ ከጥር 1 ቀን 2021 ወዲህ በመካከል የጉምሩክ ኬላ አለ።

አስተላላፊዎች ለላኪው የሚነግሩት ግን “አውሮፕላኑ በዚህ ሰዓት ሊዬዥ ይገባል” ብለው ነው። ጨረታው የሚከፈተው ማለዳ ነው፤ ያመለጠው አበባ ዕድሜው አንድ ቀን አጥሮ በማግሥቱ ይቀርባል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ ላኪው በውሉ ላይ ማስጻፍ ያለበት አበባው አልስሜር ግቢ ውስጥ የሚራገፍበትን ሰዓት ነው፤ የዘገየ እንደሆነም ኪሣራው በማን እንደሚሸፈን ከዚያው ጋር ይጻፍ።